በሚስት የተማለ ማዕድ

ሐመድ አልኒል በወንዝ ዳሯ ከተማ በወድ መደኒ የጀልባ ሰፈር በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በሚጠፍረው አልጋና በሚምለው መሐላ። አልጋው ጠንካራ ነው። እሱ የጠፈረው አልጋ ላይ ሙሽራ ይተኛበታል፣ አራስ ትታረስበታለች፣ ሬሳም ይወጣበታል፤ ጠፍሩ ግን አይረግብም። መሐላው ሌላ ጉድ ነው። እንግዳ ቤቱ መጥቶ ሻይ ሳይጠጣ ሊሄድ ከተነሳ፣ ሌላው ቀርቶ በደጁ የሚያልፍ ሰው ሰላም ብሎት "ቸኩያለሁ" ካለው፣ ሐመድ እጁን ወደ ላይ ወርወር አድርጎ "ሳትቀምስ ብትሄድ ሚስቴ ፈት ትሁን!" ይላል።

እርግጥ በዚያ አገር እንዲህ የሚምለው እሱ ብቻ አይደለም። ሥጋ ሻጩ ሥጋው ለጋ መሆኑን በሚስቱ ይምላል፣ ሹፌሩ መኪናው አሁኑኑ እንደሚነሳ በሚስቱ ይምላል። እንግዳውም ደንቡን ስለሚያውቅ አንዲት ጉርሻ ጎርሶ ሴትየዋን በትዳሯ ትቷት ይሄዳል። ሐመድ ግን እድሉ ጠማማ ነው። አንድ ጊዜ የከባድ መኪና ሹፌር ምሳ ካልበላህ ብሎ ማለበት፤ ሹፌሩ "እጄን ልታጠብ" ብሎ ወጣና መኪናውን አስነስቶ ወደ ሰናር ከነፈ። ሌላ ጊዜ ለእህቱ ባል በግ አርዶ "ከዚህ ሥጋ ሳትበላ ብትወጣ" ሲል ማለ። የእህቱ ባል ለካ ጥርሱን ታሞ ጉንጩ አብጦ ነው የመጣው። ሥጋውን እያየ አለቀሰ እንጂ ሊያኝከው አልቻለም።

ሁለቱንም ጊዜ የሰፈሩ መስጊድ ሼህ ሙደስር መጥተው፣ ጺማቸውን አክከው፣ ሚስቱን ሲት አልባናትን ወደ ባሏ መለሷት። ሁለተኛው ላይ ግን ሐመድን ከበር ውጪ ጠርተው፣ "ስማ፣ ለሰው የተሰጠው ፍቺ ሦስት ነው። ሁለቱን በልተሃል። ሦስተኛዋ ካመለጠችህ እኔም አልመልስልህ፣ ከኔ የሚበልጥም አይመልስልህ። የአጎትህን ልጅ እንደ ማንም መንገደኛ በደጅህ ስታልፍ ታያታለህ" አሉት። ከተማ ያለው ፍርድ ቤት ነገሩን በሌላ መንገድ ያየው ይሆናል፤ በጀልባ ሰፈር ግን ሼህ ሙደስር ያሉት ነው ያለቀው። ሐመድ ጨነቀውና ዳግመኛ ላይምል ሊምል አፉን ከፈተ። ሊምል የነበረውም በሚስቱ ነበርና ሼሁ አፉን ከደኑበት።

ሲት አልባናት እውነትም የአጎቱ ልጅ ናት፤ "የአጎቴ ልጅ" እያለ ነው የሚጠራት። ሦስት ሴቶች ልጆች ወልዳለት ሦስቱም ሩቅ አገር ተድረዋል። ስለ መሐላው ሰው ሲስቅ አትስቅም፣ ሴቶቹ ሲያዝኑላትም አታለቅስም። ዱቄቷን ትነፋለች። ባሏ በደጅ የሚያልፈውን ሁሉ ጠርቶ ሲያስገባ ማጀቱ ውስጥ ያለው እሳት የማን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም።

ረመዳን ሲገባ ሐመድ ሌላ ሰው ይሆናል። የጀልባ ሰፈር ወንዶች ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሰሌናቸውን አስፋልቱ ዳር ያነጥፋሉ፤ ከየቤቱ የማሽላ ገንፎው፣ የደረቀ ባምያ ወጡ፣ ንፍሮው፣ ተምሩ፣ በማሰሮ የቀዘቀዘው ሑሉ ሙር የሚባለው የረመዳን መጠጥ ይወጣል። እቤቱ ተደብቆ የሚያፈጥር ወንድ ስሙ ይጠፋል። ከዚያ አደኑ ይጀመራል። ሐመድ ጥምጥሙን ፈትቶ አንዱን ጫፍ ለጎረቤቱ ያስይዝና በመንገዱ ላይ አግድም ይወጥረዋል። መኪና ይቆማል፣ ባጃጅ ይቆማል፣ አህያ የሚነዳውም ይቆማል።

"ውረድ!"

"ኧረ ቤተሰብ እየጠበቀኝ ነው አጎቴ!"

"ሚስቴ ፈት ትሁን ካልወረድክ!"

መንገደኛው እየሳቀም እያጉረመረመም ይወርዳል። ከመንገዱ ማዶ የቆዳ ተራ ሰዎች ሰሌን አለ፤ እነሱም ያድናሉ። የማን ሰሌን ብዙ እንግዳ እንደያዘ በነጋታው ገበያ ላይ ይወራል፣ የተበለጠው ሰፈርም ቀኑን ሙሉ ይበሽቃል። ለአላህ ብለው የጀመሩት ነገር እንዲህ እንደ ኳስ ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ከዚያ ሰሌን ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ በተዘጋው የልብስ ሰፊ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ከብርዱ ወራት ጀምሮ አንድ ሰው ያድራል። ከሩቅ ተራራማ አገር ጦርነት አፈናቅሎት ነው የመጣው ይላሉ። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፤ ሰፈሩ "የበረንዳው" ብሎ ይጠራዋል። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልሰደበውም፣ ወደ ሰሌኑም ማንም አልጠራውም። ሰው ሁሉ በልቶ ሲነሳ አንዱ ከየትሪው የተረፈውን ጠራርጎ ይወስድለታል፣ ይኸው ነው።

ስሙ ካፊ መሆኑን የጠየቀችው ሲት አልባናት ብቻ ናት። ሁልጊዜ ማታ፣ ረመዳን ሳይገባም በፊት፣ የባሏ ትሪ ከመሙላቱ አስቀድማ ከድስቱ አናት ጨልፋ በላስቲክ ሰሃን ታደርግና ቶቧን፣ ያን ረጅም መጠቅለያ ልብሷን፣ አጣፍታ ራሷ ታደርስለታለች። "ካፊ፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ" ትለዋለች። "እሺ እናቴ" ይላል። ከዚህ ሌላ ወሬ የላቸውም። ሐመድ ይህን ያውቅ እንደሆነ እንጃ፤ ቢያውቅም የሴት ጉዳይ ነው ብሎ አልፎት ይሆናል።

በዚያ ረመዳን መጀመሪያ ላይ አንድ የማዶ ሰው ሐመድን ሊያበሽቀው፣ "ምነው ዛሬ ባዶ ዋላችሁ? የበረንዳውን እንኳ መያዝ አቃታችሁ?" ብሎ ጮኸ።

ሐመድም፣ "እንግዳ ማለት የሚያልፍ ነው፤ እሱ መቼ ያልፋል?" ሲል መለሰ። ሰሌኑ በሙሉ በሳቅ አውካካ። በረንዳው ቅርብ ነው፤ ሰውየውም ጆሮ አለው።

ከጥቂት ቀን በኋላ አቧራማ ነፋስ ተነሳና መንገዱ ጭር አለ። የቆዳ ተራዎች ያም ሆኖ አንድ ሚኒባስ ሙሉ መንገደኛ ይዘዋል። ሐመድ እንግዳ አጥቶ ጥምጥሙን ወጥሮ እንደቆመ አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው፣ ከድልድዩ በኩል አንድ ሰው ብቅ አለ። የታጠበ ጀለቢያ ለብሷል፤ ጥቅል በትከሻው ይዟል፤ አረማመዱም ከሩቅ እንደመጣ ሰው ዝግ ያለ ነው። ሐመድ ዕድሜውን ሙሉ ጠፍር ሲስብ ዓይኑ ደክሟል፣ በዚያ ላይ አቧራ አለ። ሮጦ ሄዶ ክንዱን ጨመደደው።

"ወዲህ! ወዲህ ግባ መንገደኛው!"

"ልለፍ" አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። ሳይጠራ የመጣ እንዳይመስልበት እንደማንኛውም እንግዳ አንዴ እምቢ ማለቱ ነው።

"ምን ማለት ነው ማለፍ! ከዚህ ትሪ ሳትቀምስ ትሪው ቢነሳ ሚስቴ ፈት ትሁን!"

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ሐመድ ወደ ታች ያየው። የሰውየው ጫማ የተጠገነው በጠፍር ነበር፤ እሱ ራሱ ቆርጦ በጣለው ቁርጥራጭ ጠፍር። ቀና ብሎ ፊቱን አየ። የበረንዳው ነው። ታጥቦ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ድልድዩ ድረስ ሄዶ በዚህ በኩል አልፏል። ያልፍ ዘንድ አልፏል።

አውቆ ቢሆን ኖሮ ይምል ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ሐመድ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱን ጠይቆታል፤ መልሱን ስላልወደደው ጥያቄውን ይለዋውጠው ነበር። ለጊዜው ግን ክንዱን አልለቀቀም። የማለ ሰው ነው። ጎትቶ ሰሌኑ ላይ አመጣውና ከራሱ ትሪ ፊት አስቀመጠው።

ሐጅ ባቢከር ቀና አሉ። የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ሥጋ ያለው ትሪ የሳቸው ነው፣ ሰሌኑም የተገዛው በሳቸው ገንዘብ ነው።

"ሐመድ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"እንግዳ ነው ሐጅ።"

"እንግዳ! ከበረንዳ ወደ ሰሌን የመጣ እንግዳ! ለመሆኑ ጾመኛ ነው?"

ካፊ ራሱ መለሰ። "ቀኑን ሙሉ ማን አበላኝና ነው የማልጾመው?"

አንድ ሁለቱ ሊስቁ ከጀላቸውና የሐጅ ባቢከርን ፊት አይተው ዋጡት። ሐጅ ትሪያቸውን አንስተው፣ ጀለቢያቸውን ሰብስበው፣ ሰሌኑ ማዶ ጫፍ ሄደው ተቀመጡ። ከጎናቸው የነበረው ተከተላቸው። ከዚያ ሌላው። አንዱ "ወገቤን አሞኝ ነው፣ ግድግዳ ልደገፍ" አለ፤ እዚያ ማዶ ምንም ግድግዳ አልነበረም። አዛን ሲል ሰው ሁሉ በአንድ ወገን ተጨናንቆ፣ በሌላው ወገን ሐመድና ካፊ ብቻቸውን ቀሩ።

ካፊ እጁን ወደ ተምሩ ዘርግቶ ነበር። መለሰው። ጥቅሉን አንስቶ፣ "አላህ ይስጥልኝ" ብሎ ቆመና በመጣበት መንገድ ወደ ድልድዩ ሄደ። ሐመድ በዚያች ሰዓት ስለ ሐጅ ባቢከር ፊት እንጂ ስለ መሐላው አላሰበም። ሰውየው ከዓይን ከራቀ በኋላ ነው መሐላው ትዝ ያለው።

"ትሪውን እንዳታነሱ!" ብሎ ጮኸ። "ማንም እንዳይነካው! ሦስተኛዬ ናት!"

ያን ጊዜ የሆነውን የጀልባ ሰፈር እስከ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል፤ እኔን ግን አያስቀኝም። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ትሪው ባለበት እንዲቆይ ሁለት ሰው ከፍየልና ከድመት ሊጠብቀው ተመደበ። ሌላው በባጃጅ፣ በእግር፣ በአህያ ጋሪ የበረንዳውን ፍለጋ ወጣ። ከብርዱ ወራት ጀምሮ ሰላም ያላሉት ሰዎች በወንዙ ዳር "ወንድማችን! ኧረ ወንድማችን!" እያሉ ተጣሩ። ስሙን የሚያውቅ አልነበረማ። በመጨረሻ ከድልድዩ ሥር ተቀምጦ ውሃ ሲያይ አገኙትና በባጃጅ ጭነው አመጡት።

ትሪው ዙሪያ ቆሙበት። ሐጅ ባቢከር ራሳቸው ጎንበስ ብለው ራሱን ሳሙት።

"ብላ ወንድሜ፣ ስለ አላህ። አንዲት ጉርሻ።"

"አልበላም።"

"ተቀየምክ እንዴ? ምን አደረግንህ?"

"ስትጠሩኝ መጣሁ፣ ስቀመጥ ተነሳችሁ" አለ ካፊ። "አሁን ጠግቤያለሁ።"

"የሴትየዋ ቤት መፍረሱ ነው እኮ! አንተ ልብ የለህም?" አለ አንዱ። ይህን የሚለው ቅድም ወገቤን አሞኝ ነው ብሎ የተነሳው ሰው ነው። ሐመድ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ካፊ አፉን አልከፈተም። የሐጅ ባቢከር የወንድም ልጅ ወጠምሻ ነገር ነው፤ ትዕግሥቱ አለቀና ከገንፎው ዘግኖ በግራ እጁ የሰውየውን አገጭ ይዞ በቀኙ ጠቀጠቀለት። ካፊ ተናነቀው፣ ሳለ፣ ፊቱን ወደ መሬት ደፋ። ጨለምለም ብሏልና ምን እንደወደቀና ምን እንደገባ የለየ ሰው የለም።

ሼህ ሙደስር ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ገቡ። "ከጉሮሮው ካለፈ በላ ይባላል፤ ካላለፈ አልበላም። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ካፊ ዞሩ። "ልጄ፣ ዋጥክ ወይስ ተፋህ?"

የሐመድ የጋብቻ ዘመን በሙሉ አሁን የሚጠብቀው ለሰሌን ያልበቃውን የዚህን ሰው ቃል ነው። ካፊ አፉን በእጁ ጠርጎ ቀና አለ። ሐመድን አላየውም፣ ሐጁንም አላየም። ከሁሉም ራስ በላይ አሻግሮ የሐመድን ቤት በር አየ። ሲት አልባናት ቶቧን እስከ አፍንጫዋ ሸፍና እዚያ ቆማለች።

"ዋጥኩ" አለ።

"በአላህ?"

"በአላህ።"

ሰዉ ሁሉ እልል አለ። ትሪው ተነሳ፣ ወንዶቹ ተቃቀፉ፣ ሐመድን ትከሻውን መቱት፣ "ከሞት ተረፍክ አንተ ሰው" አሉት። ሐጅ ባቢከር ለሁሉም ሻይ አዘዙ። በደስታው መሀል ካፊ ተነስቶ ወደ በረንዳው ሲሄድ ማንም ልብ አላለውም፤ ሻይም አልደረሰውም።

ሐመድ እየሳቀ ቤቱ ሲገባ ሲት አልባናት በመጥረጊያና በአካፋ ሰሌኑ ዳር ያለውን ልታጸዳ ወጥታ ተመልሳለች። አካፋውን አሳየችው። ገንፎው እንደተጠቀጠቀ፣ ድቡልቡል ብሎ፣ አሸዋ ተለውሶ ሙሉውን ተቀምጧል። ጥርስም አልነካውም።

"ሰውየው ማለ እኮ!" አለ ሐመድ። "በአላህ ማለ! ኃጢአቱ ከኔ ወርዷል።"

"ካንተ ወረደና እሱ ላይ ወጣ። በረመዳን፣ በውሸት፣ ለኔ ብሎ።"

"ማን አየ? አንቺና እኔ ነን ያየነው። ድፊው በቃ።"

"እኔማ አየሁ።" አካፋውን ግድግዳው ሥር በጥንቃቄ አስቀመጠችው። "ሐመድ፣ ስንት ዘመን በኔ አንገት እየማልክ ሰው አበላህ? መንገደኛ ሲበላ እኔ ፈርቼ፣ ዘመድ ሲበላ እኔ ፈርቼ። አንድ ቀን እንኳ 'የአጎቴ ልጅ፣ በአንቺ ልማል ወይ' ብለህ ጠይቀኸኛል? ለሰፈሩ ደግ ነህ፣ ይወራልሃል። ደግነትህን የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ።"

"ለምን ተሰማሽ፣ ቃል ብቻ እኮ ነው..."

"ቃል ብቻ ከሆነማ ለምን ተንበርክከህ አለቀስክ?"

ያች ሴት በዕድሜዋ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ተናግራ አታውቅም። ቀስ ብሎ፣ "ይቅር በይኝ" አለ።

"ይቅር ብያለሁ። ግን ሦስተኛዋ ወርዳለች፤ ከማይፈቀድልኝ ወንድ ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም" አለችና ጎረቤት ሄዳ አደረች።

በማግስቱ በጠዋት ወደ ቤቱ ተመልሳ መጣች። ሐመድ ሐሳቧን የለወጠች መሰለውና ደስ አለው፤ አልጋ ጠፈራም ሳይሄድ ሲያያት ዋለ። እሷ ቀኑን ሙሉ አጠበች፣ ጠረገች፣ ፈጨች። ወደ ማታ ገንፎውን አገንፍታ፣ ወጡን ሠርታ፣ ትሪውን ሞልታ በክዳን ከደነችውና "ውሰድ፣ ሰዓቱ ደርሷል" አለችው። ትሪውን ተሸክሞ ወጣ። ሰሌኑ ላይ ሁሉም በየቦታው ተመልሷል፤ ስለ ትናንቱ ይቀላለዳሉ። ለበረንዳው ደግሞ ሐጅ ባቢከር ከአዛን በፊት ሰሃን ሙሉ ምግብ አስልከውለታል። ደግነት አይደለም፤ እንደገና እንዳያልፍ ነው።

ሐመድ ጥምጥሙን ፈትቶ መንገዱ መሀል ቆመ። ያን ጊዜ ከገዛ በሩ አንዲት ሴት ወጣች። ጥቅል ይዛለች። ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው፣ ሰናር ወንድሟ ዘንድ ለመሄድ፣ በዚያው በአስፋልቱ ላይ ወደሱ መጣች። ሴት መንገደኛ አይያዝም፣ ደንብ አይደለም፤ ሐመድም ቢሆን አሁን ፈቱን አይነካም።

ሐመድ ጥምጥሙን እንደወጠረ ቀረ። "ወዲህ" ሊል አፉን ከፈተ። መንገደኛ የሚያስቆምበት አንድ ቃል ነው የሚያውቀው፤ እሱም ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ግን በማን ይማል? ዕድሜውን ሙሉ የማለባት ከፊቱ እየመጣች ነው፤ ሌላ የሚምልበት ነገር በቤቱ የለም። ጥምጥሙን ለቀቀውና መሬት ወደቀ። እሷም ጫፉን እንዳትረግጠው ቶቧን ሰብሰብ አድርጋ ተሻገረችው።

በረንዳው ጋ ስትደርስ ካፊ ከተቀመጠበት ተነሳ። የላስቲክ ሰሃኑን በሁለት እጁ ይዟል። አልማለም፣ ክንዷንም አልያዘም።

"እናቴ፣ እንብላ" አላት።

ሲት አልባናት ቆመች። ሰሌኑ ላይ ያለው ሁሉ ያያታል። ጥቅሏን አስቀመጠች፣ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ወዲያው አዛኑ ሲል አንድ ተምር አንስታ አፈጠረች። ቀጥሎ ከገንፎው ጎረሰች፤ እሱም ጎረሰ። ሐመድ መሀል መንገዱ ላይ እንደቆመ አንድ ሚኒባስ ከኋላው መጥቶ ጥሩምባ ነፋበት። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ "አጎቴ፣ ወይ ጥራን ወይ አሳልፈን!" ብሎ ጮኸ። ሐመድም ከመንገዱ ወጣ።